አድማሴ ያጠፋው እሳት

ላሊበላ ውስጥ ሰዓሊ አድማሴን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የገባ እንግዳ መሆን አለበት። እንግዳውም ቢሆን ውሎ ካደረ ማወቁ አይቀርም፤ አድማሴ ራሱ ሄዶ ይተዋወቀዋል። ረጅም፣ ከሲታ፣ ከጥፍሩ ሥር ቀለም የማይጠፋ፣ ጨዋታ የሚወድ፣ ከጨዋታም ሁሉ ስለ ራሱ ሥራ የሚወራውን አብልጦ የሚወድ ሰው ነው። ይህ ሐሜት አይደለም። ጉራውን ትቶ አድማሴን የሚተርክ ስለ ሌላ ሰው ነው የሚያወራው፤ ደግሞም በኋላ ያደረገውን ነገር ትልቅ የሚያደርገው ያው ጉራው ነው።

የሚኮራው በእሳቱ ነበር። መላእክቱ እንደ ማንኛውም ሰዓሊ መላእክት ናቸው፤ ፈረሶቹም እግራቸው አጠር ይላል፤ እሳቱ ግን እሳት ነው። ሦስት ዓይነት ቢጫ ይደባልቃል፣ ከሥር ጠቆር ያለ ቀይ ያስተኛል፣ በመጨረሻ የነበልባሉን ጫፍ በዶሮ ላባ ጫር ጫር ያደርገዋል። የሣለውን ሲኦል ያዩ አሮጊቶች ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ ይሉ ነበር ይባላል። ይህን ወሬ ያስወራው ራሱ ሊሆን ይችላል። ሚስቱ ጽጌማርያም ግን አንድም ቀን ተደንቃለት አታውቅም። «ይሄ ሁሉ እሳትህ አንዲት ጣሳ ውሃ እንኳ አያሞቅልኝ!» ትለዋለች፣ ብርድ በጠና ቁጥር።

ሙያውን የተማረው ከአጎቱ ነው። አጎቱ በላስታ ገጠር ካንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው እየዞሩ የሚሥሉ፣ ቁጡ፣ ጾመኛ ሰው ነበሩ፤ ሲያስተምሩም የማይሻር ደንብ ነበራቸው። ጻድቅ ፊቱን መልሶ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ኃጥእ ጎኑን ሰጥቶ በአንድ ዓይኑ ያያል። ለይሁዳ ሁለት ዓይን የሰጠ፣ ወይም ከቅዱስ ላይ አንድ ዓይን ያጎደለ ተማሪ ጣቱን በብሩሹ እንጨት ይመታል። አድማሴም ተመትቷል። ሌላው ደንብ ደግሞ ስለ እግዚአብሔር ነበር። «እሱን መሣል ሲቸግርህ እሳት ሣል፤ ከእሳቱም መሀል እጁን አውጣ። ሰው ይገባዋል» ይሉት ነበር። ሙሴ በኮሬብ ተራራ ላይ የሚነደውን ቁጥቋጦ ሲያይ እንዲህ አድርገው ነበር የሚሥሉት። አድማሴ ኮሬብ በተባለ ቁጥር እሳትና እጅ በዓይኑ ይመጡበታል፤ ብሩሽ ከያዘበት ቀን ጀምሮ እንዲሁ ነው።

ከዚያ ዘመን ከፋ። በሽታው መጣ፣ ጦርነቱ ተከተለ፣ ሥዕል ገዢው እንግዳ ከላሊበላ ጠፋ። አድማሴ ታፔላ መሣል ጀመረ። ለአንድ ጥብስ ቤት በሣለው ታፔላ ላይ እሳቱ ከሥጋው ጎልቶ ስለወጣ ባለቤቱ ተቆጥቶት ነበር። ኑሮው በዚህ ላይ እያለ ነው ከሙጃ በላይ ካለች ጥድ አምባ ከምትባል መንደር ቄሰ ገበዝ ምስጋኑ መጥተው ደጁን ያንኳኩት።

«አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሠርተናል» አሉት። «እሳት አሳምሮ የሚሥል ሰው ፈልገን፣ ያንቱን ስም ሰጡን።»

አድማሴ ሌላ ነገር አልጠየቀም። ቀለሙን ጠቅልሎ ተከተላቸው።

ጥድ አምባ የኤልያስ አጥቢያ ናት። የቀድሞው ቤተ ክርስቲያን የሣር ክዳን ነበር፤ ከጥቂት ክረምቶች በፊት፣ አንድ የነሐሴ ከሰዓት በኋላ፣ መብረቅ ወደቀበት። መንደርተኛው ይህን ታሪክ የሚናገርበት የራሱ ወግ አለው፤ አድማሴም በደረሰ ዕለት ሰማው። ቄስ አረጋና ጓደኛቸው ምስጋኑ ጭሱ ውስጥ ዘልቀው ገቡ። አረጋ ታቦቱን አንሥተው በምስጋኑ ራስ ላይ አስቀመጡና «ሂድ!» አሏቸው። ምስጋኑ በደቡቡ በር ወጡ። አረጋም በምዕራቡ በር ወጥተው ነበር፤ ሕዝቡ በዓይኑ አይቷቸዋል። ግን ግራ ቀኝ አዩና ተመልሰው ገቡ። መጻሕፍቱን ሊያወጡ ነው አለ ሰው። ጣሪያው የተደረመሰው ያን ጊዜ ነው። «እንደ ነቢዩ በእሳት ሠረገላ ዐረጉ» ይላል ጥድ አምባ ታሪኩን ሲጨርስ፤ ሁልጊዜም የሚጨርሰው በዚሁ ቃል ነው።

አዲሱ ቤተ ክርስቲያን የድንጋይ ግንብ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ቅዳሴ ቤቱ የሚከበረው በጥር ስድስት፣ በነቢዩ በዓል ነው ተባለ። ቄሰ ገበዝ ምስጋኑ አድማሴን በሴቶች በኩል ወዳለው ወደ ደቡቡ በር ወስደው፣ ከበሩ ትይዩ ያለውን የመቅደሱን ግድግዳ አሳዩት። በጄሶ ተለስኖ ነጭ ሆኗል።

«እዚህ ላይ ኤልያስን በኮሬብ ይሣሉልን» አሉት። «እሳቱን አደራ አያሳንሱት። የአረጋ መታሰቢያ ነው።»

አድማሴ ኅዳርን ሙሉ ሣለ። በግራ ዛፍ የሚነቅል ነፋስ፣ በቀኝ የሚሰነጠቅ ዓለት፣ ከሥር ዋሻውና ነቢዩ፣ መሀሉን ግን ከወገብ በላይ የያዘው እሳቱ ነበር። እንዲያ ያለ እሳት ሥሎ አያውቅም። በር ሲከፈት ብርሃኑ ሲያርፍበት የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ከነበልባሉም መሀል፣ አጎቱ እንዳስተማሩት፣ አንድ ትልቅ እጅ ሁለት ጣቱን ለቡራኬ ዘርግቶ ወጥቷል። የተጠናቀቀ ዕለት ሴቶቹ እልል አሉ። ቄሰ ገበዝ ምስጋኑ ከግድግዳው ፊት ቆመው ብዙ ሲያዩ ቆዩና «አሁን እንቅልፍ ይወስደኛል» ብለው ሄዱ። አድማሴም የምስጋና ቃል መሰለው፤ በልቡ ለገና ላሊበላ ወርዶ ለጽጌማርያም የሚያወራውን ይደረድር ጀመር።

አንዲት ሴት ብቻ እልል አላለችም። ብርቅዬ ትባላለች፤ የቄስ አረጋ ባለቤት ናት። የአጥቢያው ሴቶች ለሠራተኛ ምሳ በተራ ያመጡ ነበርና፣ በእሷ ተራ የጾም ሽሮዋን በሌማት ይዛ ደቡቡ በር ድረስ መጣች። ቀና ስትል ግድግዳውን አየች። ሌማቱን የበሩ ደፍ ላይ አስቀመጠችና ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ተራዋ ሲደርስ ምግቡን በጎረቤት ትልካለች እንጂ አትመጣም። ቀድሞ ኪዳን የማታስታጉለው ሴት ከውጭው አጥር ተሳልማ መመለስ ጀመረች።

አድማሴን ይህ ነገር ከነከነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ የከነከነው የሴትዮዋ ኀዘን አልነበረም። መንደሩ ሁሉ ሲያደንቀው እሷ ብቻ ዝም ማለቷ ነው። እናም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሊመሰገን ተነሥቶ ቤቷ ሄደ።

አውድማ ላይ ገብስ ስታነፍስ አገኛት። መንሹን አቁማ ነጠላዋን አስተካከለች።

«እንዴት ዋሉ አያ አድማሴ፤ ወደ ጥላው ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም፣ እመት ብርቅዬ። መምጣቱን ተዉሳ! ሥዕሉን አልወደዱልኝም መሰል።»

«ኧረ ሥራዎስ ግሩም ነው። ያየሁት ዕለት ፊቴን ለበለበኝ።»

አድማሴ ፈገግ አለ። ሞኝ!

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለችው። «እሳቱ ውስጥ ያለው እጅ የማን ነው?»

«የእግዚአብሔር ነዋ!»

«እንግዲያ ቄሱን ያቃጠላቸው እሱ ነው።»

አድማሴ መንደሩ የሚለውን ሊላት ሞከረ፤ ሠረገላውን፣ ዕርገቱን፣ ክብሩን። ብርቅዬ እጇን አንሥታ አስቆመችው።

«እኔ ሠረገላ አላየሁም። ያየሁት ጭስ ነው። ሰው ሊያጽናናኝ ብሎ ነው ብዬ ችዬው ነበር፤ ባፍ የተባለ ነገር ያልፋል። አሁን ግን ግድግዳ ላይ ወጣ። ኪዳን ስቆም ከፊቴ፣ ቅዳሴ ስቆም ከፊቴ። እዚያ እጅ ፊት ቆሜ ምን ብዬ ልጸልይ? አልሆነልኝም። ኮን ከተማ ያለችው ልጄ ምሥራቅ ነይና አብረን እንኑር ካለችኝ ቆይታለች። ከኤልያስ በፊት እሄዳለሁ። ሄጄም የምመለስ አይመስለኝ።»

ይህን ስትል አላለቀሰችም። ድምፅዋም ከፍ አላለም። መንሹን አነሣችና ወደ ገብሷ ዞረች።

አድማሴ ቁልቁለቱን የወረደው እየተበሳጨ ነው። ኀዘን አእምሮዋን ነክቶታል አለ ለራሱ። መጽሐፉን አምጥቼ አነብላታለሁ፤ እግዚአብሔር በእሳት እንደተገለጠ በጆሮዋ ትሰማለች አለ። ማደሪያው ደርሶ መጽሐፍ ቅዱሱን ከቦርሳው አወጣና በሩ ላይ ባለው ድንጋይ ተቀምጦ መጽሐፈ ነገሥትን ገለጠ። ታሪኩን ከልጅነቱ ያውቀዋል። ንግሥቲቱ ልትገድለው ስትፈልገው ነቢዩ ሸሽቶ ኮሬብ ደረሰ፤ ዋሻ ገባ፤ ውጣና በተራራው ላይ ቁም ተባለ። ከዚያም ተራራውን የሚሰነጥቅ ነፋስ መጣ። እግዚአብሔር በነፋሱ ውስጥ የለም ይላል። ከነፋሱ በኋላ የምድር መናወጥ ሆነ። በዚያም የለም ይላል። ከዚያ እሳት መጣ። አድማሴ ጣቱን ከመስመሩ ላይ አነሣ። ደግሞ መልሶ አስቀመጠው። በእሳቱም ውስጥ የለም ይላል።

እዚያ ድንጋይ ላይ ብዙ ተቀመጠ። ይህን ምንባብ በየዓመቱ ሲነበብ ሰምቶታል። ጆሮው ሰምቶ እጁ ሳይሰማ ቀርቷል እንጂ። ኮሬብ ሲባል የሙሴን ቁጥቋጦ አንሥቶ በኤልያስ ተራራ ላይ ተከለው፤ ተራራው አንድ ነው ብሎ፣ እግዚአብሔርም አንድ ነው ብሎ። ለሙሴ በእሳት የተገለጠው ለኤልያስ በእሳት እንዳልመጣ ልብ አላለም። ነፋሱ፣ መናወጡና እሳቱ አልፈው የመጣው አንዲት ትንሽ፣ ጸጥ ያለች ድምፅ ነበረች። እሱ ግን መጽሐፉ የለም ባለበት ቦታ፣ ያውም በሕይወቱ በሣለው ምርጥ እሳት መሀል፣ የእግዚአብሔርን እጅ ተከለ። ያንንም ሥዕል ባሏ በእሳት የሞተባት ሴት በምትቆምበት ፊት ለፊት። ፊቱ ጋለበት፤ አፈረ።

በማግሥቱ ቄሰ ገበዝ ምስጋኑን ደጀ ሰላም አገኛቸው።

«እሳቱን ላጠፋው ነው» አላቸው።

ምስጋኑ ቀልድ መሰላቸው። እንዳልሆነ ሲገባቸው ፊታቸው ቀላ። «እብደት ነው! ቅዳሴ ቤቱ እኮ ደረሰ። ሕዝቡ ወዶታል። ያንቱን ያህል ሰው አይተን አናውቅም ብሏል!»

«ልክ አይደለም፣ አባቴ። መጽሐፉ ሌላ ነው የሚለው። ብርቅዬም በእሱ የተነሣ አገር ጥላ ልትሄድ ነው።»

«ብርቅዬ ሐዘንተኛ ናት። ይወጣላታል።»

«እስኪ እርስዎ ያንብቡልኝ» ብሎ መጽሐፉን ዘረጋላቸው።

ምስጋኑ እምቢ አላሉም፤ ካህን የተዘረጋለትን መጽሐፍ አይመልስም። በዚያ ቅዳሴ በሚመራ ድምፃቸው ጀመሩ። ነፋሱን አለፉ። መናወጡን አለፉ። እሳቱ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው እያነሰ እያነሰ ሄደና የመጨረሻውን ቃል ከንፈራቸው ብቻ አለው። መጽሐፉን ዘጉት።

«አያ አድማሴ» አሉ በኋላ። «ታቦቱን ይዤ ስወጣ አረጋ ከኋላዬ ያለ መስሎኝ ነበር። ዞሬ አላየሁም፤ ታቦት የያዘ ሰው ዞሮ አያይም። ከዚያች ቀን ጀምሮ የማየው ጀርባዬን ነው። ያን እሳት ግድግዳው ላይ ሳየው እጁ ሲቀበለው አየሁ፤ ዐረፍኩ። እርስዎ እሳቱን ካጠፉት፣ እግዚአብሔር እዚያ ውስጥ ካልነበረ፣ አረጋ እንዲያው የተቃጠለ ሰው ሆነ ማለት ነው። ታዲያ የት ነበር? ይንገሩኛ! የት ነበር?»

አድማሴ አላወቀም። «እኔ ሰዓሊ ነኝ፣ አባቴ፤ የሌለበትን ነው የማውቀው» አለ። ምስጋኑ ጋቢያቸውን እየጎተቱ ተነሡ። ሲሄዱ ሳይዞሩ «የፈለጉትን ያድርጉ» አሉት።

ያን ዕለት አድማሴ በሩን ዘግቶ ግድግዳው ፊት ቆመ። ይሄን ጊዜ እኮ እሳቱ እንዳለ ሆኖ እጁን ብቻ ማጥፋት ይችል ነበር። ማንም አይወቅሰውም። ግን ሥራውን ያውቃል፤ እጁ ቢወጣም ያ ሁሉ ነበልባል መሀሉን ይዞ እስካለ ድረስ የሚያየው ሰው ሁሉ እግዚአብሔርን የሚፈልገው እዚያው ውስጥ ነው። የቀለም መፋቂያውን አነሣና ከላይ፣ በላባ ከሠራው ከነበልባሉ ጫፍ ጀመረ። እየፋቀ አለቀሰ። አሮጊት ያስደነገጠ፣ ታፔላ ላይ ሥጋ ያስረሳ፣ ስሙን ያስጠራው እሳት ዕውቀቱ ሁሉ እዚያ ግድግዳ ላይ ነበር፤ አቧራ ሆኖ ጫማው ላይ ወረደ። ሌላ ሰዓሊ ቢያደርገው ስሕተት አረመ ይባላል። አድማሴ ሲያደርገው ግን ከዚያ ይበልጣል፤ አድማሴን የሚያውቅ ይመሰክራል።

ገና ደረሰ። ላሊበላ በምእመን ተጥለቀለቀ፤ በዓመት አንዴ ሥዕል ፈላጊ የሚገኝበት ሰሞን ነው። አድማሴ አልወረደም። ጽጌማርያም ስልክ ደውላ «ምን ሆነህ ነው?» ስትለው «እሳት እያጠፋሁ ነው» አላት፤ አላመነችውም።

አዲሱ ችግር እሳት ከማጥፋት የከፋ ነበር። ድምፅ እንዴት ይሣላል? መጀመሪያ ከሰማይ የሚወርዱ ቀጫጭን መስመሮች ሣለ፤ ዝናብ መሰሉ። ርግብ ሣለ፤ የዮርዳኖስ ጥምቀት ሆነበት። ደመና ሣለ፤ ደመናው ነጎድጓድ ያዘለ መሰለ። ምንም ቢሥል የሚጮህ ነገር ይሆንበታል። ሁሉንም በጄሶ እየሸፈነ ግድግዳው መሀሉ ነጭ እንደሆነ ቀናቱ ሄዱ። በዓሉ ሲቃረብ ጨነቀው። ደግሞ መጽሐፉን ገለጠ፣ ምናልባት ድምፁ ምን እንደሚመስል የተጻፈ ነገር ካለ ብሎ። ምንም የለም። የተጻፈው ነቢዩ ምን እንዳደረገ ነው፤ ድምፁን ሲሰማ ፊቱን በልብሱ ሸፈነና ወጥቶ በዋሻው ደጃፍ ቆመ።

አድማሴ ይህን አንብቦ ወደ ግድግዳው ዞረ። የሰማውን ሰው መሣል ይቻላል። ነገር ግን ፊቱን የሸፈነ ሰው ዓይን የለውም። ጻድቅን ያለ ዓይን! አንድ ዓይን ማጉደል ጣት የሚያስመታ ከሆነ ሁለቱን ማጥፋት ምን ሊያስደርግ ነው? አጎቱ ከሞቱ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ እሱ ግን ብሩሹን ሲያነሣ ጣቶቹን ሰብሰብ አደረገ። ከዚያ ሣለው። የላስታ ገበሬ የሚለብሰው ዓይነት ወፍራም ጋቢ፣ ከራስ እስከ ጉልበት፣ ፊቱን ድፍን አድርጎ የያዘ። ነፋሱንና የተሰነጠቀውን ዓለት ራቅ አድርጎ አሳነሳቸው። እሳትም ሣለ፣ ትንሽ፣ ከተራራው ወዲያ እያለፈ የሚሄድ፣ እጅ የሌለበት። በነቢዩ ፊት ያለውን ቦታ እንዳለ ተወው፤ ጄሶውን ነጭ።

መንደሩ አጉረመረመ። «ነቢዩን ዓይን ነሣው!» አሉ። «ጨርሶ አልሠራውም፣ መሀሉ ባዶ ነው» አሉ። አንዳንዱም የላሊበላው ሰው ቀለም አልቆበት ነው አለ። አድማሴ መልስ የመስጠት አመሉን ትቶ ብሩሹን አጠበ። ቄሰ ገበዝ ምስጋኑ መጥተው አዩት። ሕዝቡ ሲያጉረመርም «መጽሐፉ ያለውን ነው የሣለው» ብለው ዝም አሰኙት።

በዋዜማው ጠዋት ብርቅዬ አህያዋን ጭና ከቤቷ ወጣች። ምስጋኑ መንገድ ላይ ጠብቀው «እህቴ፣ ከመሄድሽ በፊት አንድ ጊዜ እይው» አሏት። እሺ ያለችው ካህን ስለለመናት ነው። አህያዋን አጥሩ ላይ አስራ እስከ ደቡቡ በር መጣች፤ ጫማዋን ግን አላወለቀችም፤ ለመግባት አልነበረም የመጣችው። ምስጋኑ ከአጠገቧ ቆሙ። አድማሴ ውስጥ፣ ግድግዳው ሥር፣ እጁን የሚያደርግበት አጥቶ የብሩሽ መጥረጊያ ጨርቁን ይጠመዝዛል።

ብርቅዬ ከደጅ ሆና ብዙ አየች።

«እጁስ?» አለች።

«አጠፋሁት» አለ አድማሴ። «እዚያ አልነበረም።»

«ፊቱን ምነው ሸፈነ?»

«ሰምቶ ነው።»

«ምን?»

«እንጃ፣ እመት ብርቅዬ። ትንሽ ድምፅ ነው የሚለው። መሣል አቃተኝና ተውኩት።»

ብርቅዬ ነጩን ቦታ አየችው። ከዚያ ወደ ምስጋኑ ዞረች፤ አድማሴ ፊቷ ሲለዋወጥ አየ።

«ያን ቀን ጎረምሶቹ ቄሱን ከፍርስራሹ አውጥተው ወይራው ሥር አስተኟቸው» አለች። «ቃሬዛ ሊያመጡ ሮጡ። ሕዝቡ ታቦቱን አጅቦ ሄዷል፤ እልልታው፣ ከበሮው፣ ለቅሶው አብሮ ሄደ። ዝናቡም አባራ። እሳቸውና እኔ ብቻ ቀረን። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁና ጆሮዬን አስጠጋሁ። ድምፅ አልነበራቸውም፤ ትንፋሽ ነው። ‹ምስጋኑ ወጣ?› አሉኝ።»

ምስጋኑ የበሩን መቃን ያዙ።

«‹ወጥተዋል› አልኳቸው። ‹ተመስገን› አሉ። ሌላ አልተናገሩም።»

«መጽሐፍ ሊያወጣ አልነበረም የተመለሰ?» አሉ ምስጋኑ፤ ቅዳሴ የሚመራው ድምፃቸው ጨርሶ ጠፍቷል።

«እርስዎን ፍለጋ ነው። በሌላ በር መውጣትዎን አላዩም።»

ምስጋኑ ደፉ ላይ ተቀመጡ። እንደ ልጅ፣ ሳይደብቁ አለቀሱ። አድማሴም ግድግዳው ሥር አለቀሰ፤ እኔ ሰዓሊ ነኝ ብሎ የሚመጻደቅበት አንድም ነገር በልቡ አልቀረም። ብርቅዬ ብቻ ደረቅ ዓይኗን ነጩ ቦታ ላይ ተክላ ቆማለች።

«እስካሁን ሳልነግርዎ መቆየቴ ኃጢአት ነው» አለች። «ግን ከፍቶኝ ነበር፣ አባቴ። ሠላሳ ዓመት አብሬያቸው ኖሬ፣ በመጨረሻው ትንፋሻቸው ስለ እርስዎ ጠየቁ እንጂ ስለ እኔ አልጠየቁም።»

ምስጋኑ ቀና አሉ።

«ስለ አንቺማ ምን ብሎ ይጠይቅ፣ እህቴ?» አሉ። «አንቺ አጠገቡ ነበርሽ።»

ብርቅዬ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀችና ገባች።